የሻሼ ሚኒሞ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሙስዓብ ሊጠይቀኝ መጥቶ መኪናውን ግቢ አስገባና ሞተሩን ሳያጠፋ በስልክ እያወራ ወረደ። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ጆሮዬ ግን ሳላዘው ተነስቶ ሄዶ ሞተሩ ላይ ተለጠፈ።

«ሚኒሞዋ ይንቀጠቀጣል፤ አሳያት» አልኩት ስልኩን ሲጨርስ።

ሳቀብኝ። «እማዬ ደግሞ! መሪ ጨብጠሽ የማታውቂ፣ ሚኒሞ የሚባለውን ከየት አመጣሽው?»

ከየት አመጣሁት! ሚስቱ ዙሌይካ ከኋላው ቀስ ብላ ወርዳ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ እሷም ፈገግ አለች። «ግቡና ተቀመጡ» አልኳቸው። እናንተም ተቀመጡ። ወሬው ረጅም አይደለም፤ ከሐይቅ ተነስቶ ደሴ ሲደርስ ያልቃል።

ሚኒሞ ማለት መኪና ቆማ፣ የሾፌሩ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ፣ ሞተሩ በራሱ ቀስ ብሎ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ደህና መኪና ስትቆም አትጠፋም፤ እንደተኛ ሕፃን ትተነፍሳለች። ይቺን ትንፋሽ ያጣች መኪና ስትሮጥ ደህና ናት፤ እግር ሲነሳላት ግን ድርግም ትላለች። የኛይቱ ሻሼ የታመመችው ይሄንን ነበር።

ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው። እኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ፣ ወሬ የማያመልጠኝ፣ የያዝኩትን ወሬ ግን ሁሉንም በግልባጩ የምረዳ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ኑርዬ ለአንድ የአምባሰል ባላባት ሾፌር ሆኖ ኖሯል። የመሬቱ አዋጅ ሲመጣ ባላባቱ መሬታቸው ለገበሬው ሆነና፣ «እንግዲህ እኔ የምዞረው ርስት የለኝም፤ ኑርዬ፣ አንተው ይዘሃት ኑር» ብለው የመኪናዋን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ኋላዋ ክፍት ሆኖ ሸራ የሚለብስ አሮጌ መኪና ናት። አካሏ አረንጓዴ፣ አናቷ ነጭ። ሻሽ ያሰረች ሴት ስለምትመስል ሰው ሁሉ ሻሼ አላት።

እኔ ሻሼን አልወዳትም ነበር። አባቴ ሱብሂ ሰግዶ ሲነሳ ከማንም በፊት እሷ ጋ ይሄዳል። ኮፈኗን በመዳፉ ይዳስሳታል፣ ጤዛዋን በጨርቅ ይጠርግላታል። የእኔን አፍንጫ ግን እናቴ ናት የምትጠርገው። ጎረቤታችን እትዬ ጸዳለ ደግሞ በየጠዋቱ በአጥሩ ብቅ ብላ፣

«ዑምኩልሱም፣ ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» ትላለች።

እናቴም ወገቧን ይዛ እየሳቀች፣ «ስታስል አድራ እኔንም እንቅልፍ ነሳችኝ!» ትመልሳለች።

ጣውንት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከኛ በላይ ያለው ግቢ ሁለት ሚስቶች ነበሩበት፤ አንዷ ከምንጭ ስትመጣ ሌላዋ መንገድ ትለውጣለች። እናቴ ጣውንቷን እየሳቀች መቻሏ ገረመኝ። እኔ ግን በሷ ፈንታ ልጣላላት ቆረጥኩ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር የሻሼን ጎማ በእግሬ ጠለዝ አደርገዋለሁ። እግሬን ያመኛል እንጂ ጎማውስ ምንም አላለ።

ያን ሰሞን ታዲያ ሻሼ ስትቆም መጥፋት ጀመረች። አባቴ ገበያ ዳር እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ እህህ ብላ ትንቀጠቀጥና ዝም። ባትሪዋ ደክሟል፤ ወይ አፍንጫዋ ላይ በሚሰካ ብረት፣ በማኖቤላ ትዞራለች ወይ በሰው ትገፋለች። እኔ መቀናጣት ነው አልኩ። አንድ ሰው ታሞ አገር ሁሉ ሲጠይቀው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ሆነች። አባቴ የትም ቦታ ይሂድ፣

«ኑርዬ፣ ያቺ ነገር እንዴት ሆነችልህ?»

«ኧረ ሚኒሞ አልይዝ ብላለች።»

«አብሽር! አላህ አለ።»

ይህንን የሚሉት መቃብር ላይ እንደቆመ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሴቶቹ ደግሞ ስለ ሻሼ ሲጠይቁ የእናቴን እጅ ይዘው፣ መዳፏን እያሻሹ ነው የሚጠይቁት። ስለ መኪና ለመጠየቅ የሰው እጅ ለምን እንደሚያዝ ያኔ አልገረመኝም።

አሁን እኔም ወልጄ ሳየው ነገሩ ፀሐይ ነው። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከኔ በኋላ የመጡት ሁለቱ በምጥ ታፍነው ቀርተዋል፤ በሁለተኛው እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። የደሴው ሐኪም አባቴን ለብቻው ጠርቶ፣ «የሚቀጥለው ምጥ ቤት ውስጥ ከሆነ ልጅም እናትም አታገኝም፤ እንደጀመራት ይዘሃት ና» ብሎታል። እኛ አገር ደግሞ እንዲህ የተፈራ ሆድ በስሙ አይጠራም። አንዴ ስሙ ከተጠራ ዓይን ያገኘዋል ይባላል። ስለዚህ ከተማው ሳይማከር ተስማማ፦ ስለ እናቴ መጠየቅ ያማረው ሁሉ ስለ ሻሼ ይጠይቃል። ሁለቱ ነገር ለየቅል አልነበረማ! ጦርነቱ በምሥራቅም በሰሜንም ነዶ ካሚዮኑ ሁሉ ወደ ግንባር ተወስዷል፤ አውቶቡስ አንድ ቀን ከመጣ ሳምንት ይጠፋል። ደሴ መግቢያ ያለው ኬላ ላይ የወታደር ሰልፍ እስኪያልፍ መቆም ግድ ነው። ቆሞ ሞተሩ የጠፋበትን ደግሞ መንገድ ዘጋህ ብለው ወደ ቦዩ ገፍተው ያስገቡታል። ሻሼ ሚኒሞ ካልያዘች እናቴ ደሴ አትደርስም። አዋቂ ሁሉ የሚያውቀው ይሄንን ነው። እኔ ብቻ፣ አባቴ ከእናቴ ይልቅ ሻሼን ወደደ እያልኩ እቃጠላለሁ።

የሻሼ ሐኪም የእትዬ ጸዳለ ባል ዝናው ነበር። በልጅነቱ እስጢፋኖስ ገዳም ቆሎ ተማሪ ሆኖ ሲያበቃ ጠፍቶ ደሴ ጋራዥ ገባ። ስለዚህ አንድ ጠባይ አለው፦ ሞተር ሲያዳምጥ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ዝም ይላል። ያን ቀን ግቢያችን በሰው ተሞላ።

«አስነሳት» አለ። አባቴ ማኖቤላውን አዞረ፤ ሻሼ ተነሳች፤ ሮጦ ገብቶ ነዳጅ ሰጣት። «እግርህን አንሳላት።» እህህ፣ ድርግም።

«ካርቡራቶሪው ነው» አለ አንዱ።

«ካንዴላው ነው እንጂ!» አለ ሌላው።

«ዓይነ ጥላ ነው» አለች ቃሪያ ሻጯ ኡሙሀኒ።

«ዝናው፣ እንቅልፍ ወሰደህ ወይስ ነፍስ አባቷ ሆንክ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ዝናው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እናንተ ዝም ካላችሁ ራሷ ትነግረኛለች» አለ።

እሳት የሚጭሩላትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታና ፀሐይ ላይ ይዞ አየ። ጫፋቸው ጥላሸት ሳይሆን ነጣ ያለ ነው። «ይሄ የተራበች ምልክት ነው» አለ። «ወይ ቤንዚን አንሷታል፣ ወይ አየር በዝቶባታል።» እኔ በልቤ፣ ‘እሷ ደሞ ምን ይጎድልባታል!’ አልኩ።

መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠረጠረ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶሪ ፈቶ ደቃቅ ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፋቸው፣ ከብሩሽ በተነቀለ ፀጉር ወጋጋቸው፣ መልሶ ገጠመ። ሻሼ እህህ ብላ ጠፋች። የሚኒሞዋን ብሎን በካቻቢቴ ከፍ ሲያደርገው ደግሞ በአንዴ አገሳች፤ ዶሮዎቹ ተበታተኑ።

አባቴ ጆሮውን ይዞ፣ «ይሄማ ሚኒሞ አይደለም፤ ቁጣ ነው! እንዲህ እያገሳች ቤንዚኔን ጨርሳ መንገድ ላይ ልትጥለኝ ነው!» አለ።

«ለሁልጊዜ አይደለም፤ እስካዳምጣት ነው» አለው ዝናው። ከዚያ ቀጭን የጎማ ቱቦ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ጆሮው ውስጥ ሰካ፤ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ እያዞረ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ያስኬደው ጀመር። ካርቡራቶሪው እግር ስር ሲደርስ ቆመ። ቅንድቡ ተነሳ። «ዑምኩልሱም፣ የሳሙና ውሃ አለሽ?» አለ። እናቴ ልብስ ከምታጥብበት ገበታ በጣሳ ጨልፋ ሰጠችው። በጣቱ እያንጠባጠበ እግሩ ዙሪያውን ሲቀባው፣ አረፋው ወደ ውስጥ ሽው ብሎ ገባና ሻሼ ለአፍታ ድምፅዋን አስተካከለች። ውሃው ሲያልቅ ተመልሳ ተንቀጠቀጠች።

«አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ። «በበሩ ሳይሆን በስንጥቅ ነው የምትተነፍሰው! በማይገባት በኩል አየር ትስባለች።»

ቱቦውን እኔም ጆሮ ላይ አደረገልኝ። ፍስስስ ይላል። ሰው ከውስጥ ሆኖ ምስጢር የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ሻሼ እናቴን የምታማ መሰለኝና ቱቦውን ጣልኩት።

በካርቡራቶሪው እግርና በሞተሩ መሀል፣ አየር እንዳይሾልክ የምትነጠፍ ስስ ንጣፍ አለች፤ መካኒኮች ጓርኒሲዮን ይሏታል። ሲፈቱት እንደ አሮጌ ቅጠል ተሰባብራ ወደቀች። ደሴ ተላከ፤ የለም፤ ያለው ሁሉ ለግንባር ሄዷል። ዝናው ከስኳር ካርቶን ቆርጦ አደረገላት፤ አባቴ ውጫሌ ድረስ ደስ ብሎት ሄደ፣ ተገፍቶ ተመለሰ፤ ካርቶኑ ቤንዚን ጠጥቶ ላሽቋል። ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከከመነዳሪ፣ ቆረጠላት፤ ያ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እናቴ በየቀኑ እየከበደች፣ አባቴ በየቀኑ እየከሳ ሄደ። እኔ እናቴ ምግቡን ተደብቃ ትጨርስበታለች ብዬ ከእራቴ ቆንጥሬ ለአባቴ አስቀምጥ ጀመር።

አንድ ጠዋት ዝናው መጣና ጉልበቱን መታ። «ቤንዚን የማያሟሟው፣ ሙቀት የማይፈታው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ። እኔ ደደብ! በልጅነቴ ስፍቀው ያደግኩትን ረሳሁ። ብራና!»

ወደ እስጢፋኖስ በእግር ሄድን፤ እኔም የአባቴን ጣት ይዤ ተከተልኩ። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ የወለቀ ጥርስ ያላትም ብትሆን ሴት ሴት ናት። ስለዚህ ዝናው ብቻውን ገባ፤ እኔና አባቴ ከክልሉ ወዲህ ወይራ ስር ተቀመጥን። ሐይቁ ከፊታችን ተዘርግቷል፤ ደንገሉ ውስጥ ዳክዬዎች ይንጫጫሉ። አባቴ የመስበሃውን ዶቃ ይቆጥራል።

«አባ፣ ሻሼን ትወዳታለህ?» አልኩት።

«እወዳታለሁ።»

«ከእማዬ ይበልጥ?»

መስበሃው ቆመ። ውሃውን አየ፣ አየ፤ «እሷ ካልያዘችልኝማ እማዬን...» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። አልመለሰልኝም ማለት አዎ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ፈርቶ ዝም እንደሚል ገና አልገባኝም ነበር።

ዝናው ነጠላው ስር የሆነ ነገር ይዞ እየሮጠ ወጣ። «ከመጽሐፍ ጠርዝ የተረፈ የፍየል ቆዳ ነው፤ የቀለም ጠብታ አልነካውም። የገዳሙ አባት ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‘ማርያም በሽልም ታውጣት’ አሉ።»

አባቴ ቀና ሳይል፣ «አሚን» አለ።

«ማንን ነው?» አልኩ እኔ።

ሁለቱ ተያዩ። «ሻሼን» አለኝ ዝናው።

ግቢያችን ስንመለስ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ብራናው የጓርኒሲዮኑ ቦታ ላይ ተጭኖ የቅባቱ ቅርጽ ታተመበት። ዝናው በምላጭ ዙሪያውን ቆረጠው፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ በሚስማር በሳ፣ ግራሶ ለቅልቆ አነጠፈው፣ አጠበቀው። ደግሞ ዓይኑን ጨፈነና የሚኒሞውን ብሎን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ያዳምጥ ጀመር። ከዚያ እጁን አነሳ። ሻሼ፣ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ... አለች። ዝናው የውሃ ብርጭቆ ኮፈኗ ላይ አስቀመጠ። ውሃው ዳር ዳሩ ብቻ እርግብግብ አለ እንጂ አልፈሰሰም። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ብርጭቆውን ያያል። እናቴ በሩን ተደግፋ፣ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ያን ጊዜ ነው እኔ፣ «የክርስቲያን ፍየል ነው!» ብዬ የጮህኩት።

ሰው ሁሉ ከብርጭቆው ወደ እኔ ዞረ። ታውቃላችሁ፣ እኛና ክርስቲያኖቹ እድሩም ሐዘኑም ሰርጉም አንድ ነው። ሥጋ ላይ ብቻ ሲደረስ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፤ ለየብቻ ይሠራል፣ ማንም አይቀየምም። ይቺን ሕግ እኔ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣኋት። አሁን ደግሞ ገዳም የታረደ ፍየል የሙስሊም መኪና ሆድ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። እሷ ላይ ቂም ነበረኝ፤ ግን ጀሀነም እንድትገባ አልፈልግም! እኛስ ከሷ ላይ ብንቀመጥ ምን እንሆናለን?

ሼህ ሙሐመድሁሴን ከሰው መሀል ወጡ። የሠፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ጢማቸው ብቻ ነው የሚስቀው። እስከ ትከሻዬ ጎንበስ አሉ።

«አንቺ አሪፋ፣ ሻሼ ጥርስ አላት?»

«የላትም።»

«ጉሮሮስ?»

«የላትም... ቤንዚን ግን ትጠጣለች።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ሼሁ እጃቸውን አነሱ። «ተይ እንግዲህ፤ ቤንዚኑን ትጠጣለች፤ ፍየሏን ግን አልበላችም። ቆዳዋን ነክሳ ይዛለች እንጂ አልዋጠችም። የተለፋ ቆዳ ደግሞ ጠሀራ ነው፤ ንጹሕ፣ እንደ አቡጀዲ ማለት ነው።»

«እኔም ፍየሏን ሃይማኖትሽ ምንድነው ብዬ አልጠየቅኳትም» አለ ዝናው።

«ባትጠይቃት ነው የሚሻለው፤ አሁን የወሎ ፍየል ሆናለች» አሉ ሼሁ፤ ጢማቸው ሳቀ።

የዚያኑ ሳምንት እኛ ግቢ ወዳጃ ተደረገ። ወዳጃ ሰው ተሰብስቦ ለተጨነቀ ዱዓ የሚያደርግበት ነው፤ ለድርቅ፣ ለታመመ፣ ለመንገደኛ። ሻሼ መሀል ላይ ቆመች። ዙሪያዋን ሰሌን ተነጠፈ፣ ድቤው ተመታ፣ ብርዝ ተቀዳ። ዝናውና እትዬ ጸዳለም ከፊት ተቀመጡ፤ በኛ አገር የዱዓ ጥሪ በር አይለይም። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረብ፣ የጀመረችውን መንገድ አስጨርሳት!»

«አሚን!»

«ትንፋሿን መሀል ላይ አትቁረጥባት!»

«አሚን!»

«የያዘችውን በሰላም ታውርድ!»

«አሜን!» አለ ዝናው ከሁሉ በላይ ጮኾ፤ እትዬ ጸዳለ በክርኗ ጎሰመችው።

ለአንድ አሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ! ብዬ ብግን አልኩ፤ ብርዙ ስለጣፈጠኝ ብቻ እኔም አሚን አልኩ። መጨረሻ ላይ ሼሁ ተነስተው ኮፈኗን እንትፍ እንትፍ ብለው መረቋት። ከዚያ ዞረው ለእናቴም እንትፍ አሉላት፤ ደግሞም፣ ደግሞም። እናቴ መኪናዋ አጠገብ ስለቆመች የተረፈው የተረጨባት መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው የተረፈው ነው ሻሼ ላይ የተረጨው።

ያ የተፈራው ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ ጠዋት። ሰው በአህያ እህል እየጫነ ይተምማል። እናቴ የበሩን ቋሚ ይዛ ድንገት ጎንበስ አለች። አባቴ እጁ ላይ የነበረውን የውሃ ጆግ ጣለው። እትዬ ጸዳለ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየሮጠች መጣች፤ እናቴን ከፊት ወንበር አስገብታ አብራት ተቀመጠች፤ እኔ የቀሚሷን ዘርፍ አልለቅ ብዬ እግራቸው ስር ተወሸቅኩ። ዝናው ካቻቢቴውን ጥርሱ ላይ ነክሶ ኋላ ላይ ዘለለ። ሻሼ በመጀመሪያው ማኖቤላ ተነሳች።

«እማዬ ምን ሆነች?» አልኩ።

«ሻሼ ደሴን ልታሳያት ፈልጋ ነው» አለች እትዬ ጸዳለ። ይቺ ሴት ውሸት አይቸግራትም ነበር።

አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ነዳ። ኬላው ጋ ስንደርስ ገመዱ ተወጥሯል፤ ከዚያ ወዲያ ወታደር የጫኑ ካሚዮኖች እንደ ባቡር ተያይዘው ያልፋሉ። አባቴ ፍሬን ያዘ። ማርሹን አወጣ። ከዚያ እግሩን ከነዳጁ ላይ፣ ትኩስ ድስት እንደሚያወርድ ሰው፣ ቀስ አድርጎ አነሳ።

እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ማቃሰቷን አቆመች። እትዬ ጸዳለ ማማተቧን አቆመች። ኋላ ዝናው ዓይኑን እንደጨፈነ ሳላየው አውቄዋለሁ። እኔ እግራቸው ስር ሆኜ ወለሉ በጀርባዬ ይሰማኛል፤ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ...

አንድ ወታደር መጣ፤ ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። «ሞተሩን አጥፋ!»

«ወንድሜ፣» አለ አባቴ፣ «ካጠፋኋት አትነሳም። የያዝኳት...»

ወታደሩ በመስኮት ጎንበስ ብሎ እናቴን አየ። እሷ አላቃሰተችም፤ ግን ጣቶቿ የበሩን እጀታ ይዘው ነጥተዋል። ቀና ብሎ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘነበለ።

«ማን ነው የሠራት?»

«እኔ ነኝ!» አለ ዝናው ከኋላ።

«ጥሩ ሚኒሞ ይዛለች። እኔም ሾፌር ነበርኩ» አለና ዞሮ ለካሚዮኖቹ እጁን ዘረጋ። አንዱ ካሚዮን ፍሬኑን አንቋርሮ ቆመ። ገመዱ ወረደ። «እለፍ! አታጥፋት!»

በካሚዮኖቹ መሀል ስናልፍ ላያቸው ላይ ያሉት ልጆች እጃቸውን አወዛወዙልን፤ አንዱ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ኮቾሮ ወረወረልኝ። ያን ደረቅ ብስኩት በድዴ እያላመጥኩ ደስ አለኝ፤ ሰርግ የሚሄዱ ነበር የመሰሉኝ። ከነዚያ ልጆች ስንቱ ተመልሶ በዚያ ኬላ እንዳለፈ አላህ ነው የሚያውቀው። ኮቾሮ ባየሁ ቁጥር ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ እናቴን በአልጋ ተቀብለው አስገቧት፤ አባቴ ተከትሏት ሮጠ፤ ሻሼን እንደተነሳች ረስቷት። ዝናው አላጠፋትም። «ራሱ ይምጣና ያጥፋት» ብሎ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አድርጎ ቆመ። ፀሐዩ ከአጥሩ ወዲህ ወጣ፣ ከዛፉ በላይ ሄደ። ሻሼ ዱክ ዱክ ትላለች። እኔ በሷ ድምፅ እንቅልፍ ወስዶኝ ተነሳሁ፤ አሁንም ዱክ ዱክ ትላለች።

አባቴ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጢሙ እርጥብ ነው። እኔን አለፈኝ። ዝናውን አለፈው። ሻሼ ጋ ሄደና ግንባሩን ትኩሱ ኮፈን ላይ ደፋ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፋት፤ ትከሻው ይነቀነቃል። «አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል የለውም። እትዬ ጸዳለ ከውስጥ እልልታዋን ይዛ ወጣች፤ ደጅ የተሰበሰበው የማያውቃት ሴት ሁሉ ተቀበላት።

«ወንድም መጣልሽ አሪፋ! እናትሽም ደህና ናት!»

እኔ ግን አባቴን ነበር የማየው። ‘አየህ! እማዬ እዚያ ውስጥ ሆና እሱ ያቺን ያቅፋል’ ብዬ ሄጄ ጎማዋን ለመጨረሻ ጊዜ ጠለዝኩት።

ዓመታት አልፈው፣ አባቴም እናቴም በየተራ አኼራ ከሄዱ በኋላ ነው የገባኝ። አባቴ እናቴን በሰው ፊት አቅፏት አያውቅም፤ በዚያ ዘመን ነውር ነው። እጇን እንኳ ይዟት መንገድ አልሄደም። ያን ቀን እቅፉ ሞልቶበት የሚያስቀምጥበት ጨነቀው። ሻሼ ደግሞ ደጅ ቆማ፣ ሞቃ፣ እየተነፈሰች ትጠብቀው ነበር።

ወንድሜ ኡበይድ ዛሬ ሽበት አውጥቷል፤ የሐይቅ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «አንተ ሚኒሞ!» እያሉ ነው የሚጠሩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ «ስለያዝክ» ይሉታል።

ወሬዬን ስጨርስ ምስሩ ተለቅሞ አልቋል። ሙስዓብ መሬቱን ያያል። ዙሌይካ ሻሽዋን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ሆዷ ላይ ጣል አደረገችው። በስሙ አልጠራሁትም፤ ዓይኔንም ወደዚያ አላሳረፍኩም። ምስሩን እያንጓለልኩ፣

«መኪናህን አሳያት ብዬሃለሁ» አልኩት ብቻ።

ሙስዓብ መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ዞሮ ሚስቱን አየ፤ ጆሮው ቀላ።

«እሺ እማዬ፤ ነገ በጠዋት አሳያታለሁ» አለና ተነስቶ የዙሌይካን እጅ፣ እኔ ፊት፣ ያዘ።